ኤዲተሩ ሳይንቀራፈፍ የሪፋክተሪንግ መሣሪያ መምረጥ፦ በ8 ጊጋ ላፕቶፕ ለምትሠሩ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የማውቃቸው አብዛኞቹ ኮድ ጸሐፊዎች አዲስ ማሽን የላቸውም። የሚሠሩት ከሌላ ሰው በተገዛ፣ 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ነው። ብሮውዘሩ ተከፍቷል፣ ቴሌግራም ተከፍቷል፣ ዳታቤዙ ከኋላ ይሠራል። በዚህ ላይ «ኮድ ያጸዳል» የተባለ ኤክስቴንሽን (ኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ይጨመራል። ከዚያ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፤ የተጫኑት ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። አንዳንዱ ተማርሮ ሁሉንም ኤክስቴንሽን ይነቅልና ስም ለመቀየር «ፈልጎ መተካት» (ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ) ውስጥ ይገባል። ሌላው ደግሞ «ላፕቶፑ ነው» ብሎ ችሎ ይቀመጣል።

ሁለቱም አያስፈልግም። ሪፋክተሪንግ ማለት ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሳይለውጡ ኮዱን ማስተካከል ነው። ስም መቀየር ወይም ፋንክሽን ማውጣት (የተወሰነ ኮድ ለይቶ የራሱ ስም ያለው ፋንክሽን ማድረግ) በራሱ ቀላል ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል። ማሽኑን የሚያደክመው ለዚያች ሰከንድ ዝግጁ ለመሆን ቀኑን ሙሉ ፕሮጀክቱን ሲያነብ የሚውለው ክፍል ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ሥራ ኤዲተሩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ነቅቶ መቀመጥ አለበት ወይስ በፈለግነው ጊዜ ከቴርሚናል ብንጠራው ይበቃል?

መመሪያውን በምሳሌ እንድንይዘው አንድ ፕሮጀክት እናስብ። ቡሬ ያለ የእህል ነጋዴ ስንት ኩንታል በቆሎና ጤፍ እንደገባና እንደወጣ የሚመዘግብበት ፕሮግራም ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት ወይስ 6 የሚለው ስሌት በደረሰኙ፣ በወር ሪፖርቱና በዱቤ መከታተያው ፋይል ውስጥ ተደጋግሞ ተጽፏል። ይህን አንድ ቦታ መሰብሰብ እንፈልጋለን።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ እዩ

የመሣሪያዎቹ የአቅም ዝርዝር ረጅም ነው። ስም መቀየር፣ ፋንክሽን ማውጣት፣ ቫሪያብል ማውጣት፣ የወጣውን መልሶ ማስገባት፣ ክላስ ወደ ሌላ ፋይል ማዛወር፣ የፋንክሽን ግብዓቶችን መቀየር፣ ኢንተርፌስ ማውጣት። ዝርዝሩ አያጓጓችሁ። ያለፉትን ሳምንታት ሥራችሁን ጊት (የኮዱን ለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ላይ ተመልከቱ። ምን ምን ነበር የምትቀይሩት? በእኔ ዓይን የየቀኑ ሥራ ሦስት ነው፦ ስም መቀየር፣ ፋንክሽን ማውጣት፣ ቫሪያብል ማውጣት። የቀረው አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ብላችሁ ቋሚ ክፍል አትስጡ።

ስም መቀየር እኛ ዘንድ የሚበዛበት የራሱ ምክንያት አለው። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። «ቀበሌ»ን አንዱ በኬ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኪው። «ወረዳ»ን አንዱ በኢ፣ ሌላው በኦ ይጽፈዋል። ሦስት ልጆች አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ሲሠሩ አንዷ ቀበሌ ሁለትና ሦስት ስም ይኖራታል። ለማሽኑ እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ አስተማማኝ ስም ቀያሪ ነው።

2. ያላችሁን ሳትሞክሩ አዲስ አትጫኑ

ብዙ ሰው ኤክስቴንሽን የሚጭነው ኤዲተሩ ውስጥ ቀድሞ ላለ ነገር ነው።

ቪኤስ ኮድ ላይ ስሙ ላይ ቆማችሁ ኤፍ 2ን ተጫኑ፤ ስም ይቀይራል። የተወሰነ ኮድ መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አር ስትጫኑ ለዚያ ቦታ የሚቻለው የሪፋክተር ዝርዝር ይመጣል። ኮንትሮልና ነጥብ ደግሞ ፈጣን ማስተካከያዎችን ያመጣል። ለጃቫስክሪፕትና ለታይፕስክሪፕት ይህ ሁሉ ያለ ምንም ኤክስቴንሽን ይሠራል። ለሌሎቹ ቋንቋዎች የቋንቋው ዋና ኤክስቴንሽን ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ብቻውን ይበቃል።

ኢንተሊጄና ወንድሞቹ ላይ ሺፍትና ኤፍ 6 ስም ይቀይራል፤ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤም ሜተድ ያወጣል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ኮንትሮልን ይዛችሁ አርን ሁለት ጊዜ ስትነኩ ስም ይቀየራል።

በእነዚህ ቁልፎች ብቻ ለጥቂት ቀናት ሥሩ። የጎደላችሁን ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። ምንም ካልጻፋችሁ ከዚህ በታች ያለው የሚጠቅማችሁ ያለውን ለማቅለል ብቻ ነው።

3. ከመጫናችሁ በፊት ለኩ

«ከበደኝ» ማለት መለኪያ አይደለም። ቪኤስ ኮድ ሦስት መለኪያዎች አሉት፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው።

አንደኛው ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ያለው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ነው። የትኛው ክፍል ስንት ራምና ፕሮሰሰር እንደሚበላ ያሳያል። ሁለተኛውን ለማግኘት ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ፒ ተጫኑና «ሾው ራኒንግ ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ፈልጉ። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ሲነሳ የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይነግራችኋል። ሦስተኛው «ስታርትአፕ ፐርፎርማንስ» ነው፤ ኤዲተሩ ሲከፈት ጊዜው የት እንደሄደ ይዘረዝራል።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤዲተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ባዶ ፎልደር ሳይሆን እውነተኛውን ፕሮጀክት ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ እስኪረጋጋ ቆዩ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም መሣሪያ ስለሚያነብ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚያ የራሙን መጠን መዝግቡ። ትልቁን ፋይል ክፈቱና ጥቂት መስመር ጻፉ። ሴቭ አድርጉ። ሴቭ ላይ የሚቆይ ከሆነ ያንንም ጻፉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። መብራት ሲሄድና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ብዙ ማሽኖች ባትሪ ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄዶ፣ ትናንት የጫናችሁት ኤክስቴንሽን ዛሬ በድንገት የከበደ ሊመስላችሁ ይችላል። የፊተኛውንም የኋለኛውንም ልኬት በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውሰዱ፤ ወይ ሁለቱንም ተሰክቶ፣ ወይ ሁለቱንም በባትሪ።

4. የሚከብደው የት እንደሆነ ለዩ

ዛሬ አብዛኛው ኤዲተር ኮዱን ራሱ አይረዳም። ለብቻው የሚሠራ የቋንቋ ሰርቨር አለ፤ ኤዲተሩ «ይህ ስም የት የት አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። ይህን የመነጋገሪያ ደንብ ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አደረገው። ቴርሚናል ውስጥ የሚሠራው ኤዲተር ኒዮቪምም በዚሁ ደንብ ነው የሚሠራው፤ ከ0.5 እትሙ ጀምሮ በውስጡ አለው። ለመምረጥ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ኤዲተር መቀየር ብቻውን ላያቀላችሁ ይችላል። ቪኤስ ኮድን ትታችሁ ኒዮቪም ላይ ያንኑ ሰርቨር ብታስነሱ የሰርቨሩ ራም አብሯችሁ ይመጣል። የምታተርፉት የኤዲተሩን የራሱን ድርሻ ነው።

ቪኤስ ኮድ ውስጥ ኤክስቴንሽኖች ከመጻፊያው ተለይተው በሌላ ፕሮሰስ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ምልክቶቹን መለየት ይቻላል። ፊደል እየዘገየ ግን ፕሮሰሰሩ ዝም ካለ ፋይሉ በጣም ትልቅ መሆኑን፣ ራሙም ሞልቶ ማሽኑ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ መሆኑን እዩ። መጻፉ ጥሩ ሆኖ የጥቆማው ሳጥን ከዘገየ የቋንቋው ሰርቨር ነው። ሴቭ ላይ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ በየሴቩ የኮዱን አቀማመጥ የሚያስተካክለው ፎርማተር ወይም ስህተት የሚፈልገው ሊንተር ነው። እሱን ከሴቭ ላይ አንስታችሁ በቁልፍ ጥሩት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያበቃል።

ሌላው የተለመደ ነገር ለአንድ ቋንቋ ሁለት ሰርቨር ማስነሳት ነው። ለቪው (የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ) የድሮው ቬቱርና አዲሱ ይፋዊ ኤክስቴንሽን አብረው የተጫኑበት ማሽን አይቼ አልጠግብም። ሁለቱም አንድ ፋይል ያነባሉ፣ ሁለቱም ስህተት ያሰምራሉ። ፒኤችፒ ላይም ኢንተለፌንስ የተባለውን ኤክስቴንሽን ስትጭኑ ከቪኤስ ኮድ ጋር የሚመጣውን የፒኤችፒ ቋንቋ አገልግሎት ማጥፋት አለባችሁ፤ የኢንተለፌንስ መመሪያ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው። ኤክስቴንሽን ዝርዝሩ ውስጥ «@ቢልትኢን» ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ።

5. ፕሮጀክቱን አጥሩለት

መሣሪያ ከመቀየር በፊት ይህን አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። የእህል ፕሮግራሙ የራሳችን ኮድ ጥቂት ደርዘን ፋይል ቢሆን፣ ከሱ ጋር የወረዱት ላይብረሪዎች ግን በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሰርቨሩ የሚደክመው በነሱ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ «ዋቸር ኤክስክሉድ» እና «ሰርች ኤክስክሉድ» የሚሉትን ፈልጉ። የኖድ ሞጁልስ፣ የቬንደር፣ የቢልድና የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ፎልደሮችን ጨምሩ። የኖድ ሞጁልስ ከፊሉ ቀድሞ ተጨምሮ ታገኙት ይሆናል። ተጠቃሚዎች ፎቶ የሚጭኑበት ፎልደር ካለም እሱንም አስገቡ። ቬንደርን ከፋይል ክትትሉና ከፍለጋው አውጡት እንጂ ከቋንቋው ሰርቨር አትደብቁት፤ የላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ክላሶችን የሚያውቃቸው ከዚያ አንብቦ ነው።

ጃቫስክሪፕት ላይ በፕሮጀክቱ ሥር የጄኤስ ኮንፊግ ፋይል አስቀምጡና የማይፈለገውን ፎልደር እዚያ ውስጥ አስወጡ። የታይፕስክሪፕት ሰርቨሩ የራም ጣሪያ በነባሪው 3072 ሜጋባይት ነው። ሰው ሲከብደው ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። 8 ጊጋ ላይ ያ መፍትሔ አይደለም፤ የሚያነበውን መቀነስ ነው የሚሻለው።

ፓይተን ላይ የፓይላንስ (የቪኤስ ኮድ የፓይተን ቋንቋ ሰርቨር) «ዳያግኖስቲክ ሞድ» የተከፈቱ ፋይሎችን ብቻ በሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሙሉ ፕሮጀክቱን በሚለው ላይ ካለ ያልከፈታችሁትን ፋይል ሁሉ ሲመረምር ይውላል።

እና ኧረ እባካችሁ፣ ዴስክቶፑን በሙሉ እንደ ፕሮጀክት አትክፈቱ። የምትሠሩበትን ፎልደር ብቻ ክፈቱ። ፊልምና የሌላ ኮርስ አሳይንመንት አብሮ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

6. በቋንቋችሁ ምረጡ

ጃቫስክሪፕትና ታይፕስክሪፕት፦ አብሮ የመጣው ይበቃል። ተጨማሪ የሪፋክተሪንግ ኤክስቴንሽን የሚያስፈልገው በጣም ልዩ ልማድ ላለው ሰው ነው።

ፓይተን፦ ፓይላንስ ስም መቀየር፣ ሜተድና ቫሪያብል ማውጣት ይችላል። ያልተጠቀማችሁበትን ኢምፖርት ማጥፋትና የመሳሰለውን ለራፍ ተዉለት። ራፍ በራስት የተጻፈ ነው፤ እጅግ ፈጣን ነው። ከቴርሚናል ብትጠሩትም ይሠራል።

ፒኤችፒ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ እዚህ አካባቢ ለድርጅትና ለሱቅ የሚሠራው ብዙው ነገር በላራቬል ስለሆነ። ኢንተለፌንስ ጥቆማው ጥሩ ነው፣ ቀላልም ነው። ስም መቀየር ግን በሚከፈልበት ፈቃድ ውስጥ ነው ያለው። በዶላር መክፈል ደግሞ ለሁላችንም ቀላል አይደለም። ፒኤችፒአክተር ነፃ ነው፤ ስም መቀየርም ሜተድ ማውጣትም ይችላል። አጫጫኑ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ ብሆን ለጥቆማ አንዱን ብቻ እይዛለሁ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አላስነሳም፤ ትልልቁን ለውጥ ደግሞ ለሬክተር እሰጣለሁ። ሬክተር ከቴርሚናል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሲጠሩት ይሠራል፣ ሲጨርስ ይወጣል። ኤዲተሩ ውስጥ አንድ ሜጋባይት አይዝም።

ጃቫ፦ ቪኤስ ኮድ ላይ ያለው የሬድ ሃት ኤክስቴንሽን ከሥሩ የሚያስነሳው የኤክሊፕስን ሞተር ነው። ስለዚህ «ኤክሊፕስ ከበደኝ ብዬ ወደ ቪኤስ ኮድ ዞርኩ» የሚል ሰው ያመለጠ የመሰለውን ነገር ይዞት መጥቷል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ቀላል ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ለጃቫ ሪፋክተሪንግ ከሆነ እኔ ኢንተሊጄን እመርጣለሁ። ከ2001 ጀምሮ ስሙ የወጣው በዚሁ ሥራ ነው። መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ኢንዴክስ ሲሠራ ይቆያል። እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ያኔ ሪፋክተሩም ስለማይሠራ መታገል ትርፍ የለውም። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲጨናነቅ ፋይል ሜኑ ውስጥ ያለውን ፓወር ሴቭ ሞድ አብሩ። ከኋላ የሚሠራውን ምርመራ ያቆማል። ስም መቀየር ግን ይሠራል። ኢንተሊጄንና ቪኤስ ኮድን በአንድ ፕሮጀክት ላይ ባንዴ አትክፈቱ፤ 8 ጊጋ ለሁለቱ አይበቃም።

ሲ ሻርፕ፦ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ እትም በፊት የነበረው ቪዥዋል ስቱዲዮ ባለ 32 ቢት ነበር። ማሽኑ 16 ጊጋ ቢኖረው እንኳ ፕሮግራሙ ከ4 ጊጋ በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ሪሻርፐር የተባለው የሪፋክተሪንግ ኤክስቴንሽኑ ደግሞ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ነበር የሚኖረው። «ሪሻርፐር ያንቀራፍፋል» የሚለው ስም ትልቁ ምንጩ ይህ ነው። የ2022ቱ እትም 64 ቢት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የድሮው እትም ካለ ሪሻርፐርን አትጫኑበት፤ አብሮት የመጣው በቂ ነው። ከተጫነም ከኦፕሽን ውስጥ «ሰስፔንድ» ብላችሁ ሳትነቅሉት ማሳረፍ ትችላላችሁ።

ፍላተር፦ የዳርት ኤክስቴንሽን ሁሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዊጅት ማውጣትንም ጨምሮ። ፍላተር ላይ የሚከብዳችሁ ሪፋክተሩ ሳይሆን የአንድሮይድ ኢሙሌተሩ ነው። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ እሱ ላይ ሞክሩ፤ ትልቅ ራም ታስመልሳላችሁ።

ኤአይ ረዳቶችስ? ለመጠየቅ ጥሩ ናቸው። ሆኖም የሚሠሩት አብዛኞቹ በኔትወርክ ነው፣ ኔት ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ኤፍ 2 የስሙን እያንዳንዱን መገኛ ከቋንቋው ሕግ ተነስቶ ያገኛል። ኤአይ ይገምታል። የጳጉሜውን ስሌት ወደ አንድ ፋንክሽን ሲሰበስብላችሁ በመሐል ሳትጠይቁት ሕጉንም «ሊያሻሽለው» ይችላል። ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ።

7. አንድ በአንድ ጫኑ፣ ዳታም ቆጥቡ

የመረጣችሁትን በዋናው ኤዲተራችሁ ላይ ከመጫን ይልቅ ቪኤስ ኮድ ውስጥ አዲስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ፕሮፋይሉ የራሱ ኤክስቴንሽንና የራሱ ሴቲንግ አለው። እዚያ አንድ መሣሪያ ጫኑ፣ ተራ ቁጥር 3 ላይ እንዳለው ለኩ፣ ከዚያ ከወደዳችሁት አቆዩት። ሁለት ባንዴ ከጫናችሁ የቱ እንደከበደ አታውቁም።

ኔት ጥሩ ባልሆነበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ኤክስቴንሽኑን ቪኤስአይኤክስ በሚባለው ፋይል አውርዳችሁ በፍላሽ መያዝ ትችላላችሁ። ከኤክስቴንሽን ሜኑ ውስጥ «ኢንስቶል ፍሮም ቪኤስአይኤክስ» የሚለውን ምረጡ። አንዳንዱ ኤክስቴንሽን ለዊንዶውስና ለሊኑክስ የተለያየ ፋይል አለው፤ ስታወርዱ የማሽናችሁን ዓይነት አረጋግጡ። አውቶ አፕዴትንም አጥፉት። በሞባይል ዳታ ላይ ሳላችሁ ትልቅ ኤክስቴንሽን ሳትጠይቁት ቢወርድ የሳምንቱ ጥቅል አለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ ትናንት የለካችሁት ዛሬ ሌላ እትም ሊሆን ይችላል።

በአንድ ፕሮጀክት ላይ ብቻ የምትፈልጉትን ኤክስቴንሽን ለሌላው «ዲሴብል ዎርክስፔስ» በሚለው አጥፉት። የጃቫው ሞተር የፓይተን ፕሮጀክት ውስጥ ሥራ የለውም።

8. በእውነተኛ ሥራ ፈትኑት

ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ የሚሳሳት ፈጣን መሣሪያ ከሁሉ የከፋ ነው። ከፈተናው በፊት ሁሉንም ጊት ላይ ኮሚት አድርጉ። ከዚያ ወደ እህል ፕሮግራማችን እንሂድ።

የመጀመሪያው ፈተና ስም ነው። በላቲን «ወረዳ» የሚል ስም ያለውን ፊልድ ቀይሩ። ስም መቀየሪያው ሳጥን ሥር ቅድመ ዕይታ የሚያሳይ ቁልፍ ተጽፏል፤ ተጠቀሙበት። መሣሪያው ኮዱን ብቻ መንካት አለበት። ለተጠቃሚው የሚታየው ጽሑፍ ውስጥ፣ በዳታቤዙ የሠንጠረዥ ስም ውስጥ፣ በኤፒአይ አድራሻ ውስጥ ያለውን መንካት የለበትም። ኢንተሊጄ በኮሜንትና በጽሑፍ ውስጥም ልፈልግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምልክቱን አንሱት። የዳታቤዙ ኮለም ስም ግን ከፊልዱ ጋር የተሳሰረ ከሆነ መሣሪያው ሊያውቀው አይችልም፤ ያ የእናንተ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፋንክሽን ማውጣት ነው። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። 2015ን ውሰዱ፦ 3 ይተርፋል፣ ጳጉሜም 6 ቀን ነበረች። በደረሰኙ ፋይል ውስጥ ያለውን ይህን ስሌት መርጣችሁ ወደ ፋንክሽን አውጡት። ጥሩ መሣሪያ ዓመቱን እንደ ግብዓት ያወጣዋል፣ የቀኑን ብዛት ይመልሳል። ደካማው ደግሞ የማያስፈልጉ አራት አምስት ግብዓቶች ይደረድራል ወይም ፋይሉን ያፈርሰዋል። ከዚያ በ2014፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ሞክሩት። 6 መስጠት ያለበት 2015 ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት ፋይሎች ላይ ያለውን ድግምግሞሽ ኤዲተሩ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ፈልጋችሁ በእጃችሁ ወደ አዲሱ ፋንክሽን አዙሩት።

በፍለጋው ላይ አንድ የእኛ ፈተና አለ። «ዓመት» እና «አመት» ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ፊደላት። አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» ላይም ያው ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ኮድ ውስጥ ስትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ።

ሦስተኛው መመለስ ነው። ኮንትሮልና ዜድን ተጫኑ። በሁሉም ፋይል የተቀየረው ተመለሰ? ወይስ የተከፈተው ፋይል ብቻ? ጊት ዲፍ ይነግራችኋል። ግማሹን ብቻ የሚመልስ መሣሪያን አልመክርም።

9. ትልቁን ለውጥ ከኤዲተሩ አውጡት

ፕሮጀክቱን በሙሉ የሚነካ ለውጥ ሲመጣ፣ ለምሳሌ አሮጌ አሠራርን በመቶ ፋይል ውስጥ በአዲስ መተካት፣ ኤዲተሩን ዝጉና ከቴርሚናል ሥሩት። የሚለቀቀው ራም በሙሉ ለሥራው ይውላል። ለፒኤችፒ ሬክተር፣ ለጃቫስክሪፕት ጄኤስ ኮድሺፍት፣ ለጃቫ ኦፕንሪራይት፣ ለዳርት ከዳርት ጋር የሚመጣው «ዳርት ፊክስ» አሉ። ኤኤስቲ ግሬፕ የሚባለው ደግሞ ብዙ ቋንቋ ያውቃል፤ እያንዳንዱን ለውጥ እያሳየ ሊጠይቃችሁም ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በጊት አዲስ ብራንች ክፈቱ። መሣሪያውን «ድራይ ራን» በሚባለው አኳኋን አስነሱት፤ ምን እንደሚቀይር ያሳያል እንጂ ፋይሉን አይነካም። ጥሩ ከሆነ በአንድ ፎልደር ላይ ብቻ በእውነት አስኪዱት። ቴስት ካላችሁ አስኪዱ። ኮሚት አድርጉ። ወደሚቀጥለው ፎልደር እለፉ። በየፎልደሩ ኮሚት ካደረጋችሁ ባትሪው አልቆ ማሽኑ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ፎልደር ሥራ ብቻ ነው።

10. አሁንም ከከበደ

ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ፒ ብላችሁ «ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት» የሚለውን ጥሩ። ቪኤስ ኮድ ግማሹን ኤክስቴንሽን ያጠፋና «ችግሩ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ይዞ የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። 20 ኤክስቴንሽን ቢኖራችሁ በ4 ወይም በ5 ዙር ጥፋተኛውን ታገኛላችሁ። አንድ በአንድ እያጠፉ ከመፈለግ እጅግ ይሻላል።

ሁሉም ጠፍቶም የሚከብድ ከሆነ ኤክስቴንሽኑን ተዉት። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ? ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ይታያል። የድሮው ከሆነ የቋንቋው ሰርቨር ሺህ ፋይል ሲያነብ የትኛውንም መሣሪያ ብትመርጡ ይጎተታል። ለመሣሪያ ፈቃድ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት፤ ቀጥሎ ራም ላይ። ላፕቶፑ ራም መቀየር የሚቻልበት መሆኑን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ላይ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው።